የአርብ ሳህን

የዱቄቱ ጣሳ ከእጇ ወጣ።

ገዛኸኝ ቀና ብሎ አላያትም። ጣሳውን ከሾፌር ወንበሩ ሥር ከተተና የጂፑን ጎማ በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ንፋሱን የሚፈትሽ መስሎ።

«ሁሉም አሉ?»

«አሥራ አንዱም።»

«ኻላስ፣ በቃ። ማታ ኤርኮዊት ስንገባ ለአጎት ሰው አስረክባለሁ። አንቺ ወጥሽን ጠብቂ።»

ከዱቄቱ ሥር የአሥራ አንድ ሴት ልጆች ፓስፖርት ነበር። ጎህ ሲቀድ ከሳሊህ ሻንጣ ያወጣችው። ልጆቹ «ካርቱም ሁለት» በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ቤት ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። ፓስፖርቱ ወደብ ላይ ለሚጠብቀው ገዢ ከደረሰ እነሱም ተከትለው በጀልባ ይጫናሉ። አጎት እጅ ከገባ ግን ያንን ይዞ በሩን ያስከፍታል፣ ልጆቹም አገራቸው ይገባሉ።

ለዚህ ስትል ስድስት ወር «መዲና» ሆናለች፤ የወሎ ልጅ፣ የሳሊህ ሠራተኛ። ጸሐይወርቅ መሆኗን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አለቃዋ፣ «አጎት» የሚሉት፤ እና ሁለተኛውን ጂፕ የሚነዳው ባልደረባዋ ገዛኸኝ።

ሳሊህ አስጎብኚ ነው። ኸዋጃዎቹን፣ ፈረንጅ ቱሪስቶቹን፣ በሁለት ጂፕ ጭኖ፣ ከካርቱም በረሃውን አቋርጦ፣ በአምስት ቀን ቀይ ባሕር ተራሮች ላይ ያወጣቸዋል። ድንኳን፣ ፎቶ፣ የኮከብ ብዛት። የራሱን ጭነት ደግሞ ከሥር ይሸጉጣል። ኬላ ላይ የቱሪስት መኪና ማን ይፈትሻል?

ይህ አራተኛው ቀን ነበር። አርብ፣ እኩለ ቀን። ከፍታው ላይ ጥቁር ድንጋይና አሸዋ እንጂ አንድ ዛፍ የለም። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ንፋሱ ያንቀጠቅጣል። ስልክም አይሠራም። ሳሊህ አራቱን እንግዶች ለፎቶ ወደ ገደሉ አፍ ይዟቸው ወጣ። ገዛኸኝም ውሃ ተሸክሞ ተከተላቸው።

ከቢር ሳህን አመጣላት። የመጀመሪያውን ጂፕ የሚነዳው እሱ ነው፤ ረጅም፣ ወሬ የሚወድ ወሎዬ። ጠዋት ያረደውን ፍየል ሲጠብስ ነው ያረፈደው።

ሳህኑን አየች። ፉል በዘይት። ዳቦ።

ሥጋ የለም።

«ጥብሱስ?»

«አርብ አይደል እንዴ?»

«አርብ ቢሆን እኔ ምን አገባኝ?»

«ተይ እንግዲህ!» ሳቀ። «ገዛኸኝ ነግሮኛል። ‹እሷም እንደኔ ክርስቲያን ናት፣ ለእንጀራ ብላ ነው ስሟን የቀየረችው፣ ዛሬ እንኳ ጾሟን አታስገድፋት› አለኝ። ቀድመሽ ብትነግሪኝ እበላሽ ነበር?»

ዛሬ እንኳ።

ስድስት ወር ሙሉ ረቡዕና አርብ ሥጋ ስትውጥ፣ ገዛኸኝ እያየ ዝም ብሏል። ዛሬ አዘነላት። እንዲህ የሚታዘነው ለሚሞት ሰው ነው።

«ከቢር፣ ማታ ድንኳኔን የት ነው የምትተክልልኝ?»

ሳቁ ጠፋ። «ሙዲሩ ሳሊህ ‹የሷን አትትከል፣ ከዚህ ትመለሳለች› ብሎኛል።»

«በምን? በእግሬ?»

ከቢር ዞሮ ሁለቱን ጂፖች አየ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ገዛኸኝ ለሳሊህ ሸጧታል። አራት ቀን ሙሉ የጠረጠረችው ከቢርን ነበር፣ ጥያቄ ስለሚያበዛ። አሁንስ? ይህም ወጥመድ ቢሆንስ? ወደ ገደሉ አየች። ሰዎቹ ከላይ እንደ ጠጠር አንሰው ይታያሉ። የሚታመን ሰው ለመምረጥ ጊዜ አልነበራትም።

ጣሳውን ከገዛኸኝ ወንበር ሥር አወጣችና ዱቄቱን ደፋችው። የመጀመሪያውን ፓስፖርት ገልጣ ሰጠችው። ሉጥፊያ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት።

ነገረችው። ባጭሩ፣ ሁሉንም።

ከቢር ፎቶውን ለረጅም ጊዜ አየ። «እኔ ነኝ በላ የምነዳላቸው?» አለ። «አራት ጊዜ ነድቻለሁ። አራት ጊዜ! አላህ ያጥፋኝ።»

ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ እጇ ላይ ጣለው። «ያላ፣ ተነሺ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ። አስፋልቱን እስክታገኚ እንዳትቆሚ።»

«አብረን እንሂድ።»

«እንግዶቹስ? ሰው ይዤ መጥቼ በረሃ ላይ ጥዬ አልሄድም። የገዛኸኝን መኪና የባትሪ ገመድ እፈታለሁ። ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ እመልሰዋለሁ።»

«ይገድሉሃል።»

«መንገዱን የማውቀው እኔ ነኝ፣ ምን ያደርጉኛል? ሂጂ አልኩሽ!»

ሞተሩን አስነሳች።

ከላይ ጩኸት ተሰማ።

ሳሊህ ቁልቁል እየሮጠ ነበር። አንድ ተኩስ። የኋላው መስታወት ረገፈ። አንገቷን ቀብራ ነዳች። በጎን መስታወቱ ያየችው ከቢርን ነው፤ ገመዱን በእጁ ይዞ፣ በተከፈተው ሞተር ፊት ቆሟል፤ አልሸሸም።

ሁለተኛ ተኩስ ሰማች። ወደ እሷ የመጣ ግን አልነበረም።

አስፋልቱ ላይ ስልክ ሲሠራላት ደወለች፤ ሳይመሽም ለአጎት ሰው ፓስፖርቶቹን አስረከበች። አንድ በአንድ ቆጠረችለት።

በሳምንቱ አጎት ደወለ።

«ልጆቹ አገራቸው ገብተዋል። አሥራ አንዱም። ጎበዝ!»

«ሹፌሩስ?»

«የቱ ሹፌር?»

«ከቢር።»

«ቱሪስቶቹ በማግስቱ ወደብ ደርሰዋል። የነዳላቸው ገዛኸኝ ነው። ሌላ ሹፌር አብሯቸው አልነበረም። ትኬትሽ ተቆርጧል። ነገ ትገቢያለሽ።»

ስልኩን ዘጋች። አልሄደችም።

አሁን ኦምዱርማን ውስጥ፣ የምሥራቅ መኪኖች የሚራገፉበት ሜዳ ዳር፣ አንዲት ሻይ ሻጭ አለች። ዝናሽ ይሏታል። ሻይ የሚያፈሉ ሐበሾች በየጥጉ ስላሉ ማንም ልብ አይላትም። ከተራሮቹ የወረደ ሹፌር ሁሉ ግን ብርጭቆውን ሳይጨርስ ይጠየቃል።

«ከቢር የሚባል የወሎ ልጅ አላጋጠመህም? ረጅም ነው።»

«ወላሂ አላየሁም። ምንሽ ነው?»

«እናቱ ናት የላከችኝ» ትላለች።

እናቱን አታውቃትም። ሄዳ መርዶውን እንዳታረዳት እንኳ አገሩን አታውቅም። «አንቺስ የወሎ የት ነሽ?» እንዳይላት ፈርታ፣ ስድስት ወር ሙሉ አንድም ቀን የት እንደተወለደ ጠይቃው ስለማታውቅ።