ያልጎደለ ጾም

ኡምሰልማ የሞተችው ሙሰዓብ መርፌውን ከነቀለ ብዙም ሳይቆይ ነበር። ለባሏ ለኸሊፋ ከዚህ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም፤ ሚስቱን የገደላት መርፌው ነው፣ የወጋት ደግሞ ያ ጀማሪ ሐኪም።

ዶክተር ሲራድ ስትጠራ አስከሬኑ ተሸፍኖ ነበር። አዲስ አበባ ተምራ ወደ ሀርጌሳ የተመለሰችው ሲራድ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ግማሽ ጣሪያው ባልተጠገነ በዚህ ሆስፒታል ጀማሪዎችን ታሰለጥናለች። ከሁሉም የሚያስቸግራት ድሬዳዋ ያደገው ሙሰዓብ ነው። መጽሐፉን በቃሉ ይወጣዋል፤ በሽተኛ ፊት ሲቆም ግን መጀመሪያ የመጣለት ሐሳብ ላይ ሙጭጭ ይላል። «ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» እያለ ራሱን እንዲጠይቅ ስንቴ መክራው ነበር። አሁን ጋውኑን አጣጥፎ ጠረጴዛዋ ላይ አኑሮላታል።

«ታይፎይድ መስሎኝ ነበር፣ ዶክተር። ገደልኳት።»

ሲራድ መልስ ሳትሰጠው ወደ አልጋው ሄዳ የሟቿን ዐይን ገለጥ አደረገች። የዐይኗ ቆብ ውስጥ ደም የሚባል አልነበረበትም፤ ሆዷም ተነፍቷል። ነርሷን ሻሚስን ስትጠይቃት፣ ሴትየዋ ማታ ስትመጣ ትኩሳት እንዳልነበራት፣ ቀዝቃዛ ላብ አጥምቋት እንደነበር፣ ልቧም ገና ከመወጋቷ በፊት ይጋልብ እንደነበር ነገረቻት።

ኮሪደሩ ላይ ኸሊፋና እህቱ ሂዳያ አስከሬኑን ወስደው ለመቅበር ይጠባበቃሉ። ኸሊፋ ከተማዋ ዳር ባለው አያሃ በሚባል ሰፈር ለአዳዲስ ቤቶች ድንጋይ እየተሸከመ የሚያድር የወሎ ሰው ነው። ሂዳያ ኡምሰልማ ትከሻዋን አሟት እንደነበር፣ ውሃ ከምትሸከምበት ጀሪካን ነው ብለው ዘይት እንዳሿት አወራች።

«ጤነኛ ነበረች» አለ ኸሊፋ። «ረመዷንን አንድ ቀን ሳታጓድል ነው የጾመችው። ለዚያም ልጅ ሐኪም ማታ ነግሬዋለሁ። ማሻአላህ ብሎኛል።»

ይህን ሲል ሂዳያ ሻሿን አፏ ላይ ሳበችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሲራድ አየቻት።

ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ራሷ መናገር ትችል ነበር፤ ግን ወደ ሙሰዓብ ዞረች።

«መርፌውን ተወው። ከላቡ ጀምር።»

«ላቡ ቀዝቃዛ ነው። ትኩሳት የለም» አለ። «ታይፎይድ ላይሆን ይችላል።»

«ሌላስ?»

«ገርጥታለች። ደም ፈሷታል፤ ውጭ ስላልታየ ሆዷ ውስጥ ነው። ሆድ ውስጥ የፈሰሰ ደም ትከሻን ያሳምማል። ጀሪካኑ አይደለም።»

«ከየት ፈሰሰ?»

ሙሰዓብ የሟቿን የተነፋ ሆድ አየ።

«ኸሊፋ የነገረህን አስታውስ። በዚህ ዕድሜ ያለች ሴት ወር ሙሉ ሳታቋርጥ የምትጾመው መቼ ነው?»

ሙሰዓብ አልጋውን ተደግፎ ቆመ። የወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትጾምም። ከዚያም ማታውኑ መጠየቅ የነበረበትን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሂዳያን ጠየቃት።

«አዎ፣ የወር አበባዋ ቀርቶ ነበር» አለች። «እርግጡን ስታውቅ ልትነግረው ነበር። ማታ እዚህ በር ላይ ቆሜ ነበር እኮ። ማንም አልጠየቀኝም። በወንድሜ ፊት እንዴት ልናገር?»

ሲራድ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ፣ ቱቦው ውስጥ እንዳደገና ቱቦው እንደፈነዳ በቀስታ አስረዳቻቸው። ሁሉም ያንን ጾም አመስግኖት አልፏል፤ ለምን ብሎ የጠየቀ አንድም ሰው የለም።

«መርፌህ አልገደላትም» አለችው ሙሰዓብን። «ጥፋት የለብህም ግን አልልህም። ቀዶ ጥገና ክፍሉ ከዚህ በር ማዶ ነበር።»

ኸሊፋ ቀና አለ። «ዶክተር፣ ልጅ ነበረን ማለትዎ ነው?»

«ነበራችሁ።»

ንዴቱ ጥሎት ሄደ። በንዴቱ ቦታ የመጣውን ማየት ግን የባሰ ከበደ። አልጋው ግርጌ ተቀምጦ የሚስቱን እግር በነጠላዋ ደጋግሞ ሸፈነ።

ከቀብር በኋላ ጅግጅጋ ያር ከሚባለው የሀርጌሳ ሰፈር ሆዷን የታመመች ሴት መጣች፤ ባሏ ይናገርላታል። ሲራድ ጋውኑን ለሙሰዓብ አቀበለችው። ለበሰው። ባልየውን ውጭ እንዲጠብቅ በትሕትና ለመነውና በርጩማውን ወደ ሴትየዋ አስጠጋ። ሲራድ በሩ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አላት ሙሰዓብ ሴትየዋን።