ከባዶው ኤስኤስዲ የሰማሁት

የሙት ድምፅ ሰማሁ፣ ጥላ አየሁ የሚል ወሬ ሲነሳ ስቄ የምሄድ ሰው እንደሆንኩ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክራል፣ አዘዞ ላይ ኮምፒውተር ስጠግን ስምንት ዓመቴ ነው፣ ለሁሉም ነገር ምክንያት አለ ባይ ነኝ፣ ይሄን ግን ምክንያት አጣሁለት።

የደብራችን የዜማ መምህር የኔታ ከማረፋቸው በፊት ድምፃቸው ተቀርጾ እኔ ጋ ባለ ኮምፒውተር ተቀምጦ ነበር፣ ሬድ በሚሉት አሠራር በተጣመሩ ኤስኤስዲ የሚባሉ ሁለት የፋይል ማስቀመጫዎች ላይ፣ አንዱ ላይ የተጻፈው ሌላውም ላይ ይጻፋል፣ እና እኔ ጅሏ ሁለት ቦታ ስላለ አይጠፋም ብዬ ሌላ ቅጂ አላስቀመጥኩም። ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን በአዲስ ቀየርኩና ሳጸዳዳ የየኔታን ፎልደር በስህተት ሰረዝኩት። እመኑኝ፣ መጀመሪያ አልደነገጥኩም፣ የድሮው ሲስተም "የተሰረዘውን ባዶ አድርጉ" የሚለውን ትእዛዝ በሬድ ለተጣመሩ ኤስኤስዲዎች አያስተላልፍም ነበር፣ ስለዚህ የጠፋ ፋይል ተፈልጎ ይመለሳል። አዲሱ ግን ለሁለቱም ወዲያው አስተላልፎታል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ብፈትሽ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ብቻ።

የመጨረሻው ተማሪያቸው ቄስ መንግሥቱ ገና ያልያዟት አንዲት ዜማ ነበረች፣ ከየኔታ በቀር የሚያውቃት አልነበረም፣ በዚያው ቀን ሊያዳምጧት ከፀዳ ከተማ እየመጡ ነው። ምን ብዬ ልንገራቸው? ኤስኤስዲዎቹን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና አለቀስኩ።

ጠራራ ፀሐይ ነው፣ የተሰካ ገመድ የለ፣ መብራትም ጠፍቷል፣ ኤስኤስዲ ደግሞ በውስጡ የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ሲሠራ እንኳ ድምፅ የለውም። መጀመሪያ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማሁ፣ ከዚያ መቋሚያ መሬቱን ኳ፣ ኳ ሲያደርግ፣ ከዚያ ከጠረጴዛው ላይ ዜማው ቀስ ብሎ ወጣ፣ ሲያበቃም "ድገሙ" አሉ የኔታ። በሌሎቹ ዜማዎች ቀረጻ ላይ እዚህ ጋ ተማሪዎቹ ይቀበሉ ነበር፣ አሁን ግን ማንም አልተቀበለም፣ የኔታ ዝም ብለው የሚጠብቁ ይመስላል። እንደገና አዜሙ፣ "ድገሙ" አሉ። ሦስተኛውን በስልኬ ቀረጽኩት። ከዚያ ጸጥ አለ።

ቄስ መንግሥቱ ሲደርሱ የሆነውን ሁሉ ነግሬ ስልኩን ከፈትኩላቸው፣ ያለው የራሴ ትንፋሽ ብቻ ነው።

"ምነው ልጄ፣ ታዲያ የሰማሽውን እስቲ በዪልኝ፣ ጫፏን ብቻ።"

አፌን ከፈትኩ፣ ቃሏ እንኳ አልመጣልኝ አለ።

"ስንት ጊዜ አዜሙልሽ?"

"ሦስት ጊዜ።"

ቄስ መንግሥቱ ዱካው ወንበር ላይ ቁጭ አሉ።

"በቃ ሄደች። የኔታ ሦስት ጊዜ ብለውለት ላልደገመ ተማሪ አራተኛ አይሉም ነበር።"