ቀሪ ክፍያ፦ ዜሮ

ኦርቪል ሃውገን ወደ ምድር ቤቱ በሚያወርደው ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተዘርግቶ ተገኘ። ማክሰኞ ከሰዓት ከትምህርት ቤት የተመለሰችው ልጁ አዮኒ ነበረች ያገኘችው። ኦርቪል የወረቀት ፋብሪካ መካኒክ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ልጁን ያሳደገው ብቻውን ነው።

መርማሪ ዊልማ ትሬስክ ሬሳውን ጎንበስ ብላ አየች። አንገቱ ተሰብሯል። የሸሚዙ ሁለት ቁልፎች ደረቱ ላይ ተበጥሰዋል።

«አዳልጦት ነው» አለ ጎረቤቱ ላይል።

«ማዳለጥ ቁልፍ አይበጥስም። ተጣልታችሁ ነበር አሉ?»

«በአጥር ነገር። ቀንቼበትም ነበር፤ ምን ልደብቅ? ኮሌጁ ለልጁ ስልሳ ሁለት ሺህ ዶላር በነጻ ሲሰጣት ለኔ ልጅ ምን ላከለት? ቆብ!»

አዮኒ የኮሌጁን ሹራብ እንደለበሰች ኩሽና ተቀምጣለች።

«ከኮሌጁ የመጣው ደብዳቤ ‹ቀሪ ክፍያ፦ ዜሮ› ይላል» አለች። «አክስቴ ኮሪን ናት ያነበበችልን። ሳንቲም አትከፍሉም አለችን፤ አባዬም ፈረመ። ዛሬ ጠዋት ግን ዝም ብሎ ነበር። ‹አንድ ነገር ሳልጠይቅ አልቀርም› አለኝ።»

ኮሪን የሟቹ እህት ናት። ገንዘብ እየተቀበለች የከተማውን ቤተሰቦች ስለ ኮሌጅ ታማክራለች። እያለቀሰች ገብታ ልጅቷን አቀፈቻት።

«ወንድምዎን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?» አለቻት ዊልማ ለብቻዋ ወደ ሳሎን ወስዳ።

«እሁድ፣ ቤተ ክርስቲያን። ከዚያ ወዲህ ድምፁንም አልሰማሁ።»

«ልጅቷ አሁንስ ትማራለች?»

«በምን? ያን ብድር ባይሰርዘው ኖሮ ትሄድ ነበር። ግትር ነበር ወንድሜ።»

ዊልማ ወጥታ መጀመሪያ ወደ ኮሌጁ፣ ቀጥሎ ወደ ስልክ ኩባንያው ደወለች።

በማግስቱ ሦስቱን በዚያው ኩሽና ሰበሰበቻቸው።

«ደብዳቤው ስጦታውንም ብድሩንም አንድ ላይ ደምሮ ‹የተሰጠ ድጋፍ› ይለዋል» አለች። «ዜሮ የመጣው በዚህ ነው። ከስልሳ ሁለቱ ሺህ ስጦታው አስራ አራት ሺህ ብቻ ነው። ሌላው ዕዳ ነው፤ አብዛኛው በአባትሽ ስም።»

«በዚህ ነው የቀናሁት?» አለ ላይል።

«ኦርቪል ትናንት እኩለ ቀን ከዚህ ቤት ወደ ኮሌጁ ደውሎ ይህንን ሰማ፤ የፈረመውንም ብድር እዚያው ሰረዘ። ከዚያ በኋላ ከዚህ ቤት የተደወለም፣ ወደዚህ ቤት የተደወለም ስልክ የለም። ሞባይል አልነበረውም። የኮሌጁ ጸሐፊ ለማንም አልተናገረችም። ላይል እስካሁን ስጦታ ይመስለው ነበር፤ አዮኒም እንዲሁ። እርስዎ ግን ‹ባይሰርዘው ኖሮ› አሉኝ፣ ወይዘሮ ኮሪን። መሰረዙን ማን ነገረዎት?»

ኮሪን ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች።

«የነገረዎት ራሱ ነው። እዚህ፣ ፊት ለፊት፣ ከደወለ በኋላ።»

«ኬክ ይዤ ነበር የመጣሁት» አለች ኮሪን። «‹ማታ የቤተ ክርስቲያኑ እራት ላይ ተነስቼ ለሁሉም እናገራለሁ› አለኝ። እኔ ያስፈረምኩት ሰው ስንት ነው! ሸሚዙን ደረቱ ላይ ይዤ ለመንኩት። ሳቀብኝ። ገፋሁት።»

«ስታነቢልን ታውቂ ነበር?» አለች አዮኒ።

«እውነቱን ብነግራችሁ አይልክሽም ነበር። ላንቺው ብዬ...»

«አክስቴ ናት ብዬ እኮ ደብዳቤውን አንድ ጊዜ እንኳ ራሴ አላነበብኩትም።»

ዊልማ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ለኮሌጁ ጻፊላቸው። አባት ሲሞት ድጋፉን እንደገና ያዩታል።»

«አባዬ ስለሞተ ስጦታው ይጨምራል?»

«ሊጨምር ይችላል።»

ልጅቷ ወደ አክስቷ ዞረች። ኮሪን በእንባ መሃል አንገቷን ነቀነቀች፤ እሺ በይ የምትል ትመስል ነበር።

«አልፈልገውም» አለች አዮኒ። ፖሊሶቹ አክስቷን ሲያወጧት ዞራ አላየችም።