የቆመው እግር

«ታየኝ፣ ተሰማኝ» የሚል ሰው ሲያወራ በሆዴ የምስቅ ነበርኩ፣ አኒሜሽንን ብቻዬን በስልክ ቪዲዮ እያየሁ ስለተማርኩ ያልተሳለ ነገር እንደማይንቀሳቀስ አሳምሬ አውቃለሁ፣ እመኑኝ።

እዚህ አሶሳ ቴኳንዶ ያስተማረን ማስተር ኢድሪስ ጉልበቱ ተጎድቶ ለቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ሊሄድ ነበር፣ ከዚያ ወዲያ መማታት እንደማይችል ሐኪሞቹ ነግረውታል። «ታደለ፣ ሳልሄድ ምቴን በአኒሜሽን ስለህ አሳየኝ» አለኝ። ምቱን ብታዩት! እግሩ ሲነሳ አታዩትም፣ ደርሶ ነው የምታዩት።

የእኔ ሥዕል ግን ክብደት የለውም፣ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ነፋስ እንደሚያነሳው ሱሪ ነው። ማስተር አይቶ ሳቀ፣ «ሱሪውን አየሁ፣ ሰውየው የት ሄደች?» አለኝ፤ ቤርታ ስለሆነ በአማርኛ ወንድና ሴት ያምታታል። «የሚመታ የቆመች እግር ነው» ሲለኝም ቋንቋ የተሳሳተ መስሎኝ የሚወረወረውን እግር ብቻ ሳስተካክል ሰነበትኩ።

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ከሰዓት በኋላ፣ ቆርቆሮውን ሲደበድብ የነበረው ዝናብ ድንገት ጸጥ አለ፣ መብራት ጠፍቶ ላፕቶፑ በባትሪ ነበር፣ ምቱን አጫወትኩት። ተረከዝ አሸዋ ላይ ሲዞር የሚያሰማው «ክርርት» ተሰማኝ፣ እኔ እኮ ድምፅ አላስገባሁበትም፣ ስፒከሩም ከተበላሸ ቆይቷል። ደገምኩት፣ ክርርት። ምስሎቹን አንድ በአንድ ሳይ፣ እግሩ ከመነሳቱ በፊት ያልሳልኩት ምስል ገብቷል፤ የቆመው እግር ተረከዙን ወደሚመታው ዒላማ አዙሯል፣ ዳሌው ተከትሎታል። የእኔ መስመር ይንቀጠቀጣል፣ ይሄኛው በአንድ ትንፋሽ የተሳለ ነው። ውበቱን እንዴት ልንገራችሁ፣ በዚያች ምስል ብቻ ምቱ ሁሉ ክብደት አገኘ።

ላፕቶፑን ይዤ ማስተር ቤት ሮጥኩ። አይቶ ወደ ስክሪኑ ተጠጋ።

«ወላሂ፣ ይህቺ የእኔ አይደለም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ትንሿን ጣት አየህ? ተነስታ ነው የምትዞር። ቶንጎ ከተማ ቴኳንዶ ያስተማረኝ ኡስታዜ ነው እንዲህ የሚመታ። አንተ ሳትወለድ ሞተ። ዕድሜዬን ሙሉ እንደሱ ልመታ ሞከርኩ፣ እምቢ አለኝ። የት አየኸው?»

«አላየሁትም፣ ማስተር።»

ዓይኑ እንባ ሞልቶ ደጋግሞ አጫወተው። «እንዳታጠፋት» አለኝ።

ትናንት አዲስ አበባ ልልክለት ከፈትኩት። ፊቱ በጎን ብቻ እንዲታይ የሳልኩት ሰውዬ እግሩ መሬት ሲነካ ሥራዬ ያበቃል። አሁን ከዚያ በኋላ ሌላ ምስል አለ፣ የቆመው እግር ለሁለተኛ ምት መዞር ጀምሯል፣ የሰውዬው ፊት ግን ወደ እኔ ዞሯል።