በቀኝሽ ብዪ

«በቀኝሽ ብዪ እንጂ፤ እኛ ቤት በግራ አይበላም።»

እማማ ከድጃ ይህን ሲሉ በትሪው ዙሪያ የነበረው እጅ ሁሉ ቀጥ አለ። የቱርኪያ ግራ እጅ ብቻ የዛቀውን ሩዝ ይዞ ወደ አፏ ሄደ። አላመጠች፣ ዋጠች። ቀኟ ከመጣች ጀምሮ ሻርፗ ሥር ነው።

ይህ የዒድ ምሳ እንዲሁ ምሳ ብቻ አልነበረም። ቱርኪያ የቤቱ ልጅ የኢክራ የክፍል ጓደኛ ናት። እናቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ልጅቷ በየማለዳው ሚኒባስ ተጋፍታ ሽቅብ ደሴ ትመጣለች። ሚኒባሱ የዘገየ ቀን የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያመልጣታል፤ ዘንድሮ ደግሞ የሚኒስትሪ ፈተና አለባቸው። ኢክራ «እኛ ቤት ትደር» ብላ ወላጆቿን ለምና አሳምናለች። የቀረው የአባቷ አክስት የእማማ ከድጃ ፈቃድ ነው። ቤቱ የሳቸው፣ ፒያሳ ያለው የጨርቅ ሱቅ የሳቸው፣ የመጨረሻው ቃልም የሳቸው ነው።

ስለ ቱርኪያ ቀኝ እጅ ግን ኢክራ ለቤተሰቡ ትንፍሽ አላለችም። እንዲያውም ገና በረንዳው ላይ «ከልጆቹ ጋር ጓዳ ብንበላስ? እማማ ትንሽ ኃይለኛ ናቸው» ብላት ነበር።

«አታካብጂ ባክሽ። እነክሳቸዋለሁ እንዴ?» አለችና ቱርኪያ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ሄዳም ከእማማ ከድጃ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

እንዲህ ናት። አንዴ ክፍል ውስጥ ከሊድ የሚባል ልጅ እጇን አይቶ «ምስኪን» ቢላት፣ «ለራስህ እዘን፤ ሒሳብ ከሃያው ሁለት ብቻ ነው ያመጣኸው» አለችው። ከዚያ ወዲህ እጇን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም የሚፈራው ምላሷን ነው።

«ወድቃ ወልቋት ነው፣ እማማ» አለች ኢክራ፤ ከአፏ አመለጣት። «ወጌሻ አይቷታል። በሳምንት ይሻላታል።»

ቱርኪያ ዞር ብላ አየቻት።

«ውሸቷን ነው» አለች። ሻርፑን ገፈፈችው። ቀኝ ክንዷ ከክርኗ ትንሽ ዝቅ ብሎ ያበቃል። «ከተፈጠርኩ ጀምሮ እንዲህ ነኝ። ቀኜ ይኸው፤ የሚያጎርሰኝ ግን ግራዬ ነው።» ከዚያም ያንኑ ክንድ በትሪው ላይ አሻግራ ዘረጋችላቸው። «በወጉ ሳንጨባበጥ ነው ገበታው የቀረበው፣ እማማ።»

እማማ ከድጃ ፊት የፒያሳ ነጋዴ እንኳ ዋጋ ሲናገር ይንተባተባል። ቱርኪያ ዓይኗን ሳትሰብር ክንዷን ዘርግታ ትጠብቃለች። ያ ረቢ፣ ከየት ነው ያመጣችው ይህን ልብ? ኢክራ ፈርታለች፤ ከፍርሃቷ ይልቅ ግን መደነቋ በለጠባት። ሁልጊዜ አብረው አንድ ዴስክ ላይ እየተቀመጡ፣ ዛሬ ገና ያየቻት መሰላት።

እማማ ከድጃ እጃቸውን ጠረጉና ክንዷን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ሳላውቅ ነው ልጄ። አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ። ይብሉ እንጂ፣ እየቀዘቀዘ ነው።»

በገዛ ቤታቸው ይብሉ ተባሉ፤ በሉም። የኢክራ አባት ሳቁን ለመደበቅ ውሃ አነሳ።

እማማ ከድጃ ጥቂት ጎርሰው ሲያበቁ፣ «እኔ ፈቅጃለሁ» አሉ። «አሁን ፈቃዱ ያንቺ ነው። ከዋሸችብሽ ልጅ ጋር አንድ ክፍል ታድሪያለሽ?»

ኢክራ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ቱርኪያ ወደ ኢክራ ዞረች።

«መጀመሪያ እሷ ትናገር። ለምን ዋሸሽ?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ» ማለት ይቻል ነበር። ግማሹ እውነት ነው፤ እማማም ደስ ይላቸዋል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ኢክራ ግን ዋጠችው።

«አፍሬብሽ ነው» አለች፣ ጓዳ ድረስ እንዲሰማ አድርጋ። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ።»

ቱርኪያ ከሥጋው አንዷን መርጣ ጎረሰች። አኝካ ዋጠች።

«ቅዳሜ ኮምቦልቻ ትመጫለሽ» አለች በመጨረሻ። «ፍራሼን የምትሸከሚው አንቺ ነሽ።»

«በስንት ሰዓት ልምጣ?» አለች ኢክራ።