የኤፍራታ እምቢተኛ እግር

ልጆች፣ እምቢ ማለት የምታውቅ አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟ ኤፍራታ ይባላል።

«እምቢ! አሻፈረኝ!» ስትል ድምጿ ከኮንዶሚኒየሙ ላይኛው ፎቅ እስከ ግቢው በር ይሰማል።

አንድ ቀን ኤፍራታ ደረጃ ላይ ወደቀች። ዘጭ! ግራ እግሯ ተሰበረና በነጭ ጀሶ ታሰረ።

እግሯ ጀሶው ውስጥ ተኛ፣ ተኛ፣ ተኛ። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ኤፍራታ በመስኮት ታያቸው ነበር።

እንጣጥ! እንጣጥ! በጠመኔ የተሠመሩትን ቤቶች በአንድ እግር ይዘላሉ። ሲሄዱ በቀኝ፣ ሲመለሱ በግራ፤ የዚያ ግቢ ደንብ እንደዚህ ነው።

መስመር የረገጠ ልጅ «ተቃጠልክ!» ይባላል። ተራው ያልፋል።

ጀሶው የወለቀ ዕለት ኤፍራታ እያነከሰች ወረደች። «እኔም እጫወታለሁ!» አለች።

በቀኝ እግሯ ሄደች። እንጣጥ! እንጣጥ! በግራ እግሯ ልትመለስ ስትል ግን… ዘጭ!

ከልጆቹ ሁሉ ትልቋ ናርዶስ አነሳቻት። «አይዞሽ ኤፊዬ። አንቺ ቁጭ በይና ዳኛ ሁኚ።»

«እምቢ! አሻፈረኝ! ዳኛ አልሆንም!» ዳኛ መሆን እኮ ቁጭ ብሎ ሌላው ሲዘል ማየት ነው።

ኤፍራታ በግራ እግሯ በጣም ተናደደች። ጎንበስ ብላ ጉልበቷ ላይ ጮኸችበት። «አንተ! ዝለል ስልህ አትሰማም?»

እግሯ ዝም።

በማግስቱ እናቷ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። እዚያ ሲስተር ዘይነባ አሉ፤ የደከመ እጅና እግር እንዲበረታ የሚያለማምዱ ናቸው።

«ሲስተር፣ እግሬ አልታዘዝም ብሎኛል!» አለች ኤፍራታ። እሳቸው ፊትም እግሯ ላይ ጮኸችበት። «ተነስ!»

ሲስተር ዘይነባ ሳቁ። «የኔ ልጅ፣ እግር ጆሮ የለውም እኮ! ትእዛዙ የሚመጣው ከዚህ ነው።» ግንባሯን በጣታቸው አንኳኩ። ኳ! ኳ!

«እዚህ ውስጥ አንጎልሽ አለ። ‹ዝለል!› ብሎ የሚያዘው እሱ ነው።»

ከዚያ ጣታቸውን በጀርባዋ አጥንት ላይ ወደ ታች አስሮጡት። ሽው! ኤፍራታን ኮረኮራት።

«በዚህ አጥንት ውስጥ ለስላሳ ገመድ አለ። ሕብለ ሰረሰር ይባላል። ትእዛዙ በእሱ ይወርድና፣ ከዚያ በቀጫጭን ክሮች እግርሽ ጋ ይደርሳል።»

«ሕብለ ሰረሰር!» አለች ኤፍራታ። አፍ ይሞላል! እስቲ እናንተም በሉት።

«ታዲያ ትእዛዙ ከደረሰው ለምን አይዘልም?»

«ብዙ ተኝቶ ጡንቻው ደክሟላ። ደጋግመሽ እዘዢው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

«እንቁላል እግር የለውም!» አለች ኤፍራታ። «እኔ ግን አለኝ!»

ቤት ስትገባ ወንበር ይዛ ቆመች።

«አንጎሌ፣ እዘዝ! ትእዛዜ፣ ሩጥ! እግሬ፣ ተነስ!»

ሽው! ተረከዟ ከመሬት ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ከፍ አለ።

በሌላው ቀን ግድግዳ ይዛ ሞከረች። «አንጎሌ፣ እዘዝ! ትእዛዜ፣ ሩጥ! እግሬ፣ ተነስ!»

ሽው! እንጣጥ! አንዲት ዝላይ ዘለለች።

ግን ጠዋት የዘለለው እግር ማታ አልዘልም አለ። ኤፍራታ ትራሷን እየደበደበች አለቀሰች።

«በቃ፣ ዛሬ ይቅርብሽ» አለቻት እናቷ።

«እምቢ! አሻፈረኝ!» አፍንጫዋን ጠረገችና ወንበሩን እንደገና ያዘች።

ቀን መጣ፣ ቀን ሄደ። በመጨረሻ ሲስተር ዘይነባ እግሯን ጫን ጫን አድርገው አዩና፣ «አሁን ጎብዟል። ሂጂ፣ ዝለዪ!» አሏት።

ኤፍራታ ግቢው ውስጥ ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ልቧ ድው ድው አለ።

በቀኝ እግሯ ሄደች። እንጣጥ! እንጣጥ! ከዚያም ዞረች።

«አንጎሌ፣ እዘዝ! ትእዛዜ፣ ሩጥ! እግሬ፣ ተነስ!»

ሽው! እንጣጥ! በግራ እግሯ! እንጣጥ! ደግማ በግራ እግሯ!

መጨረሻው ቤት ላይ ስትደርስ ግን ተረከዟ መስመሩን ረገጠ።

ከድር የሚባለው ልጅ፣ «ግድ የለም፣ እሷ ታማ ነበር። ትለፍ» አለ።

«እምቢ! አሻፈረኝ!» አለች ኤፍራታ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ። «መስመር ረግጫለሁ! እንደናንተው ተቃጥያለሁ!»

ናርዶስ አየቻት፣ አየቻትና ሳቀች። «ተቃጠልሽ! ተራሽ አለፈ! ወደ ኋላ!»

ኤፍራታ ደረቷን ነፍታ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች። ያሸነፈ ልጅ እንኳ እንደዚያ ደስ አይለውም።

ማታ እናቷ ብርድ ልብሱን አለበሰቻት። «በይ አሁን ተኚ፣ የኔ ጀግና።»

«እምቢ! አሻፈረኝ! አልተኛም! አንጎሌ፣ እዘዝ! ትእዛዜ፣ ሩጥ! ዓይኖቼ፣ ተገለጡ!»

ዓይኖቿ ግን «እምቢ! አሻፈረን!» አሉና ክድን አሉ።