ኦምራ የተቀበለው ሕግ

በሐዛሮን መንግሥት የብረት ዋሻዎች በአንድ ማለዳ እንደ ቁስል ጠገጉ። ቆፋሪዎች ዶማቸውን ተሸክመው ሲወጡ፣ ትናንት አፉን ከፍተው የተዉት ዋሻ ሣር አብቅሎ ጠበቃቸው። ብዙም ሳይቆይ የሜዳው ስንዴ ዘለላው ባዶ ሆነ፤ የባሕሩ ጠረፍ ጨውም ወደ አሸዋነት ተለወጠ። ንግሥት ሳልዋ ደንግጠው ሊቃውንቱን ቢሰበስቡ፣ አረጋዊው የመቅደስ ጠባቂ በምርኩዛቸው ተደግፈው ተነሡ።

«ግርማዊት ሆይ፣ ምድር ሕጓን ጥላለች» አሉ። «የመጀመሪያው ንጉሥ ብረቱንም ስንዴውንም ለሜዳ፣ ጨውን ለጠረፍ፣ ለደጋው ግን ጉምና ድንጋይ ብቻ ብሎ ደነገገ። በዚያ ድንጋጌ የፈሰሰው ደም አንገሸገሻት። አሁን አዲስ ሕግ ትሻለች፤ ሕጉንም የሚቀበል ኦምራ ብቻ ነው።»

ኦምራን በሐዛሮን የማያውቅ አልነበረም። በከራም ተራራ ራስ ላይ የሚኖር፣ ኮረብታ የሚያህል ጎሽ ነው። የአገሩ መልክ ሁሉ በጀርባው ላይ ይታያል፤ አከርካሪው የተራሮቹ ሰንሰለት፣ ጠጉሩ ጫካው፣ ደም ሥሮቹም ወንዞቹ ናቸው። ሰው ተናግሮ እርሱ የተቀበለው ቃል በምድር ላይ ይጸናል።

ንግሥቲቱ ከሦስቱ ሕዝቦች አንድ አንድ ሰው ይሂድ ብለው አዘዙ። ከሜዳ ሽማግሌው የጦር አዛዥ ድርሳን፣ ከጠረፍ የጨው ጀልባዎች ባለቤት የሆነችው አንደበተ ስለታም ነዋል ተመረጡ። ደጋው ኤማሬን ላከ። ኤማሬ የሰንሰል ሸለቆ የውኃ ዳኛ ነበረች፤ ወጣት ብትሆንም የመስኖው ተራ የማን እንደሆነ ስትፈርድ ያኮረፈ ሰው አይገኝም ነበር። ወንድሟ ዮናድ ደጋና ሜዳ ስለ ብረት በተዋጉበት በብረቱ ጦርነት፣ በሸለቆው መግቢያ በሰንሰል በር ወድቆ በሸለቆው ወለል ከአንድ ዋርካ ሥር ተቀብሯል። እናቷ ወይዘሮ ትርሲት ያንን መቃብር ሳያዩ የዋሉበት ቀን አልነበረም።

ዮናድን የገደለው የድርሳን ሠራዊት ነው። ስለዚህ ኤማሬ በጉዞው ሁሉ ሽማግሌውን አላነጋገረችውም። ነዋል በሁለቱ መካከል እየሄደች የአንዱን ቃል ለሌላው ታደርስ ነበር፤ እንዲህ ያለ ጭነት በጀልባዋም ጭና እንደማታውቅ ታጉረመርም ነበር።

በከራም ወገብ ላይ ጉምራዎች መጡባቸው። ጉምራ ከጭጋግ የተሠራ አውሬ ነው፤ ዓይን የለውም፣ ብረት እያሸተተ ያድናል። ድርሳን የአባቱን ሰይፍ በሕይወት እያለ ከጎኑ ላይፈታ ምሎ ነበርና መዝዞ ቆመ። ሰይፉ ግን ጭጋጉን ቢሰነጥቀውም አልገደለውም። በግርግሩ ኤማሬ ከገደሉ አፋፍ ተንሸራታ አንድ የዛፍ ሥር ይዛ ተንጠለጠለች። ድርሳን ወደ እርሷ አየ፤ ሰይፉንም አየ። ከዚያ ሰይፉን ወደ ገደሉ ወረወረው። ጉምራዎቹ እያፏጩ ተከትለውት ሲወርዱ፣ በሁለት እጁ ጎትቶ አወጣት።

ኤማሬ ትንፋሿ ሲመለስ ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገረችው። በብረቱ ጦርነት፣ በሰንሰል በር ላይ ነበርክ ወይ ስትል ጠየቀችው።

«ነበርኩ። ትእዛዙን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ። «ይቅርታ ልለምንሽ ፊት የለኝም። የሞተብሽን ሰው ስሙን ግን ንገሪኝ።»

ነገረችው። እርሱም ስሙን በቀስታ ደገመው፤ ከዚያ ጉዟቸውን ቀጠሉ።

ኦምራን ጎሕ ሲቀድ በተራራው ራስ ላይ ተኝቶ አገኙት። የሚናገረው በአፉ አልነበረም፤ ድምፁ ከእግራቸው ሥር፣ ከዓለቱ ውስጥ ይመጣ ነበር። ሕጋችሁን ተናገሩ፤ ሳልቀበለው በፊት ፍሬውን አሳያችኋለሁ አላቸው።

ኤማሬ ከደጋ ስትነሣ ያሰበችውን ተናገረች። ብረቱም፣ ስንዴውም፣ ጨውም በየአገሩ እኩል ይሁን። በጎሹ ጀርባ ላይ ምድሩ ሁሉ አንድ መልክ ያዘ። ለጥቂት ጊዜ ሰላም ሆነ። ከዚያ ግን ማንም ማንንም ስላልፈለገ መንገዶቹን እሾህ ዋጣቸው፣ የአንዱ ቋንቋ ለሌላው ባዕድ ሆነ። ድርቅ በመጣ ጊዜ ሁሉም በአንድነት ተራበ፤ የጎረቤቱን ደጃፍ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

ነዋል ደግሞ ለእያንዳንዱ ሌላው የሌለው አንድ ነገር ይሰጠው አለች፤ ንግድ ያስታርቃልና። ጀልባና ግመል ጀርባውን ሞላው። ሆኖም በአንድ ክፉ ዘመን የጨው ባለቤቶች በራቸውን ዘጉ፤ የስንዴ ባለቤቶችም ጎተራቸውን ቆለፉ፤ እሳትም ከሁሉም ማዕዘን ተነሣ። ነዋል የገዛ ወደቧ ሲነድ አይታ ፊቷን ሸፈነች።

ኤማሬ ተቀምጣ ብዙ አሰበች። የሰንሰል ቦዮች ትዝ አሏት። ሰው የውኃ ተራውን የሚጠብቀው ደግ ስለሆነ እንዳልሆነ ታውቃለች፤ የላይኛው ቦይ ያለ ልክ ከጠጣ ራሱ በደለል ይደፈናል። ያኔ ተነሥታ እንዲህ አለች፦

«ምድር እንደ መልኳ ትስጥ። ደጋው፣ ሜዳውና ጠረፉ በአንድ ነገር ይትረፍረፉ፣ በአንድ ነገር ይጉደሉ፤ ለነፍስ ማቆያ የሚሆነውን ግን ማንም ፈጽሞ አይጣ። ያለ ዕረፍት የተቆፈረ ዋሻ ይዘጋ፤ ዕረፍት ሲያገኝ ይከፈት። ሳይተክል የቆረጠ ጫካው ይራቀው። የወንዙን ውኃ ለታችኛው የነፈገ፣ መጀመሪያ የገዛ ምንጩ ይንጠፍ።»

በኦምራ ጀርባ ላይ ዘመናት አለፉ። ጠብ ነበረ፣ ረኃብም ነበረ፤ ነገር ግን እሳቱ በተነሣ ቁጥር ራሱ ይበርድ ነበር። ጎሹ አንገቱን ቀና አደረገ።

«ሕግሽ መልካም ነው፤ ቋት ግን ይጎድለዋል» አለ። «ይህ ሁሉ ወንዝ በበጋ የሚጠጣበት ሐይቅ ያስፈልገዋል። ጥልቅ ስፍራ ስጪኝ።»

ሁለት ስፍራ ብቻ አሳያት። አንደኛው የድርሳን ከተማ ያለችበት ሰፊው የሜዳ ጎድጓዳ ነበር። ሁለተኛው የሰንሰል ሸለቆ ነበር።

ኤማሬ ሌላ ስፍራ እንዲፈልግላት ደጋግማ ለመነችው፤ እርሱ ግን ከሁለቱ ሌላ አላሳያትም። ድርሳን ወደ ፊት ራመድ ብሎ ከተማዬን ውሰድ ለማለት አፉን ሲከፍት፣ እጇን በክንዱ ላይ አሳርፋ አቆመችው። የከተማዋን ልጆች ብዛት በጎሹ ጀርባ ላይ አይታ ነበር። የሸለቆው ሰዎች ግን አላዘዟትም፤ ቤታቸውን የመስጠት መብት ማን ሰጣት? ይህን ስታስብ ፀሐይ ከፍ አለች።

በመጨረሻ ሰንሰልን ሰጠች። ውኃው ግን በዝግታ እንዲሞላ፣ ከብቱም ሽማግሌውም ሳይሰጥም እንዲወጣ ለመነች፤ ኦምራም ፈቀደ። ድርሳን በጉልበቱ ተንበረከከ።

«በዮናድ ስም እምላለሁ» አለ። «የሰንሰል ሰው በሜዳው ላይ ስደተኛ አይባልም። ከርስቴ መሬት አካፍለዋለሁ፤ ይህን ቃል ባፈርስ ያ መሬት አጥንቴን አይቀበል።»

ዋሻዎቹ ተከፈቱ፣ ስንዴው ፍሬ ያዘ፣ ጨውም በጠረፉ ነጣ። በመዲናይቱ ነጋሪት ሲጎሰም፣ ነዋል እልል ስትል፣ ኤማሬ በሸለቆው ውስጥ በር ለበር እየዞረች ያደረገችውን በገዛ አፏ ትናገር ነበር። አንዳንዱ ረገማት፤ አንዳንዱ ዕቃውን ማሰር ጀመረ። ድርሳን ቃሉን ጠበቀ፤ መሬቱን ራሱ እየለካ አከፋፈለ።

እናቷ ግን አላነጋገሯትም። ውኃው ዋርካውን እስኪውጠው ድረስ ዳርቻው ላይ ተቀምጠው አዩት፤ ከዚያ በኋላም በየቀኑ ወደ ሐይቁ ይሄዱ ነበር። ኤማሬም ራቅ ብላ ትከተላቸው ነበር። ክረምቱ አልፎ ሐይቁ በጠራ ጊዜ፣ ወይዘሮ ትርሲት ፊታቸውን ሳያዞሩ ተናገሩ።

«ልጄን ሁለት ጊዜ ቀበርኩት። አንዴ በአፈር፣ አንዴ በውኃ።»

ኤማሬ ቀረብ ብላ ከጀርባቸው ቆመች።

«ሌላ ስፍራ አልነበረም?»

«ነበረ፣ እማዬ» አለች። «የሌላ እናት ልጆች ያሉበት ነበረ።»

እናቷ የተቀመጡበትን ቁርበት ጠርዝ በእጃቸው ዘረጉና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።